ውሃ የምታረጋው ሴት

በጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ ሁሉም «እርጎ» እያለ የሚጠራት ሴት ይህን ስም ያገኘችው ዕድሜዋን ካጋመሰች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ቅጽል ስም የሚያስወጣ ነገር አልነበራትም። በማጠቢያ ክፍል ከሚቆሙት ሴቶች አንዷ ነበረች። ከቀለም የወጣውን ጨርቅ ተቀብላ ከገንዳ ገንዳ እያሸጋገረች ታለቀልቃለች፣ ጨምቃ ለማድረቂያው ታቀብላለች። ቦቲዋ ውሃ ያስገባል፣ ወገቧን ይቆርጣታል፣ ማታ ቤቷ ገብታ እግሯን ስታወጣ ጣቶቿ እንደ ዘቢብ ተጨማድደው ታገኛቸዋለች።

ፋብሪካ የገባችው እናቷ ስትሞት ነው። ታናሽ ወንድሟ ያኔ የወተት ጥርሱን ነቅሎ አልጨረሰም። አባታቸው አትክልተኛ ነበር፤ ከፋብሪካው በታች፣ ድልድዩን አልፎ ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ያለማል። እሱም ብዙ ሳይቆይ ሚስቱን ተከተለ። ስለዚህ ወንድሟን ያሳደገችው እሷ ናት። የፈለጋት ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ደህና መካኒክ ጠይቋት ነበር። «ወንድሜ ይድረስልኝ» አለችው። ወንድሟ ሲደርስ መካኒኩ ሌላ አግብቶ ወልዶ ነበር። ይህን ስታወራ አትመረርም። «እሱ ልጅ አገኘ፣ እኔም ልጅ አላጣሁ» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች።

ወንድሟ አድጎ የአባቱን መሬት ያዘ፤ ሚስትም አገባ። ወንዙ ግን በአባቱ ጊዜ የነበረው ወንዝ አልነበረም። ፋብሪካው ተስፋፍቶ ፍሳሹ በዝቷል። ቀይ ጨርቅ የተነከረ ቀን ቀይ፣ ሰማያዊ የተነከረ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል። የሰፈሩ ሰው ጠዋት ድልድዩ ላይ ሲገናኝ «ዛሬ ደግሞ ምን ለብሷል?» ይባባል ነበር። እየሳቁበት ኖሩና አንድ ቀን ሳቁ አለቀ። የሰላጣው ቅጠል ከጫፉ ይደርቅ ጀመር፤ ቆስጣው ያድጋል፣ ግን ሲቆርጡት የሆነ የመድኃኒት ሽታ አለው። ወንድሟ ለእህቱ ምንም አይላትም። እንጀራቸው ከዚያው ፋብሪካ እንደመጣ ያውቃል፤ የተማረበት ደብተር፣ ያደረገው ጫማ ሁሉ ከዚያ ገንዳ ነው የወጣው። እሷም አትጠይቀውም። ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር መሃላቸው አስቀመጡት።

ኢንጂነሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ፋብሪካው ፍሳሹን እንዲያጣራ ታዝዞ ነበርና አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ከፍሎለት ማሽን ሊተክል ተላከ። ቀጭን፣ በሙቀትም ሹራብ የማያወልቅ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰበሰበና ባልዲ ሙሉ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፍሳሽ አስቀመጠ። ባልዲው ውስጥ ሁለት የአሉሚኒየም ላሜራ ሳይነካኩ ጎን ለጎን አቆመና ሽቦ አስሮ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኛቸው። ጥቂት ቆይቶ ከላሜራዎቹ ጥቃቅን አረፋ ይነሳ ጀመር። ከዚያ ውሃው ደፈረሰ፤ ከዚያ እንደ ወተት ረጋ። ቀለሙ ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ እየሆነ ግማሹ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ወጣ፣ ግማሹ ወደ ታች ዘቀጠ። ኢንጂነሩ የመሃሉን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አነሳው። ብርጭቆው ውስጥ የጣቶቹ ቅርጽ ይታይ ነበር።

ከኋላ የቆመ አንድ ሰው አስማት ነው አለ።

ኢንጂነሩ ላሜራውን አውጥቶ አሳያቸው። ፊቱ ብል እንደበላው ጨርቅ ተቦርቡሯል። ኤሌክትሪኩ ብረቱን እየበላ ወደ ውሃው እንደሚለቀው፣ የተለቀቀው ብረትም ቆሻሻውን ሰብስቦ እንደሚያረጋው፣ አስማት ቢሆን ኖሮ ላሜራው ባልተበላ እንደነበር ነገራቸው። ቀጥሎም ማንም ያልጠየቀውን ጨመረ፤ ጠራ ማለት ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም፣ ጨውና አንዳንድ ነገር ይቀራል፣ እንዳትጠጡት አለ። ብዙው ሰው ይህን አልሰማም፤ ብርጭቆውን ነበር የሚያየው።

እሷ ግን ባልዲው አጠገብ ቀርታ ነበር። ጎንበስ ብላ ከታች የዘቀጠውን በጣቷ ነካችው። ኢንጂነሩ ማሽኑን የሚይዝ ሰው ምረጥ ሲባል እሷን አለ። ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ፤ ፊደል ከመቁጠር ያላለፈች ሴት ናት። ኢንጂነሩ ፊደል ይበቃታል፣ ላሜራ የሚቦርሽ ሰው ነው የምፈልገው አለ።

እንዲህ ሆነና ከማጠቢያው ወጥታ ከጀርባ ግቢ፣ ከግንቡ ሥር ወደተተከለው ገንዳ ተዛወረች። ነጭ ጋውን ሰጧት። ገንዳው ውስጥ ላሜራዎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረዋል። ሥራዋ ፍሳሹን በልኩ መልቀቅ፣ መብራቱን ማብራት፣ የተንሳፈፈውን አረፋ በመጥረጊያ እየገፈፉ ወደ ጎን ማውጣት፣ የዘቀጠውን ጭቃ በጆንያ መሙላት፣ ላሜራዎቹ ቅርፊት ሲይዙ ደግሞ አውጥቶ በሽቦ ብሩሽ መፈተግ ነው። የማጠቢያ ጓደኞቿ ምሳ ሰዓት ላይ እየመጡ «ሾርባሽ ደረሰ? ጨውስ በቃው?» እያሉ ያሾፉባታል። ከመካከላቸው አንዷ ናት «እርጎ» ያለቻት። ውሃ ስለምታረጋ ነው፤ ደግሞም እሷ ራሷ የረጋች ሴት ናት። ስሙ ተጣበቀባት።

ያ ወቅት የሕይወቷ ደህና ጊዜ ነበር። ከቱቦው የሚወርደው ውሃ ጠራ። ወንዙ ቀስ እያለ ቀለሙን ለቀቀ፤ ድንጋዮቹ ግን እንደተነከሩ ቀሩ። ወንድሟ አንድ መደብ ሰላጣ ለሙከራ ዘራ። ሰላጣው ሲደርስ እሁድ ቤቱ ጠራት፤ ሚስቱ በሎሚ አሽታ አቀረበችው። ሦስቱም በሉ። ወንድሟ ሳህኑን ሲጨርስ «እታለም፣ የአባባን ሰላጣ ነው የሚመስለው» አላት። እሷም እንባዋ ለማንም እንዳይታይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሚቀጥለው ወር ወንድሟ መሬቱን ሙሉ በሙሉ አለማው።

ኢንጂነሩ ውሉ ሲያልቅ ሄደ። ሲሰናበታት ላሜራዎቹ ማለቃቸው እንደማይቀር፣ ሳይሳሱ በፊት አዲስ እንዲገዛ አጥብቃ እንድትጠይቅ ነገራት። እሷም ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ እሺ አላት። ሁለተኛም ጠየቀች፤ ታዟል አላት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ላሜራዎቹ እየሳሱ፣ ጫፋቸው እየተቆረሰ ሄዱ። አንዳንዱን ስትቦርሸው እጇ ላይ ይሰነጠቃል። ግማሾቹ ሲያልቁ ውሃው መርጋቱን ተወ፤ ዝም ብሎ ይደፈርሳል፣ ቀለሙ ይቀጥናል እንጂ አይለቅም። ቅርፊቱን ለማስለቀቅ አሲድ ስትጠቀም ጓንቱ ተበስቶ የቀኝ እጇ ቆዳ ተላጠ። ለማንም አልተናገረችም። እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ሥራዋን ቀጠለች።

የጆንያው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ዝቃጩን የሚወስደው መኪና መጀመሪያ ላይ በየጊዜው ይመጣ ነበር። ኋላ ቀረ። ጆንያዎቹ ከግንቡ ሥር ተከመሩ፤ ክምሩ ከግንቡ ራስ በለጠ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ የታችኞቹ ፈነዱና ስንት ወር ሙሉ ከውሃ ለይታ ያወጣችው ጭቃ ሁሉ፣ ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ላይ ጥቁር ሆኖ፣ በግንቡ ቀዳዳ ተመልሶ ወደ ወንዙ ወረደ። በአካፋ ልታግደው ሞከረች። ዘበኛው ከመጠለያው ሆኖ ያያት ነበር። ዝናቡ ሲያባራ መጥቶ አካፋውን ከእጇ ወሰደና «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ እቴ። ግቢና ልብስሽን ቀይሪ» አላት።

ክረምቱ እንደወጣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የታመመ ሠራተኛ ሲኖር በራሱ መኪና ሆስፒታል ያደርሳል። ወንበር ሰጣትና ነገሩን አስረዳት። ትእዛዝ ቀንሷል፣ የመብራቱ ሂሳብ ከብዷል፣ የላሜራው ዋጋ የማይቀመስ ሆኗል። የቀሩትን ደህና ላሜራዎች አውጥታ እንድታስቀምጥ፣ ማሽኑ የመንግሥት ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ብቻ እንዲሠራ፣ በሌላው ቀን የጎኑን ቫልቭ ከፍታ ፍሳሹን በቀጥታ እንድትለቅ አዘዛት።

እሷም ከታች ሰው እንዳለ፣ በዚያ ውሃ የሚያለማ እንዳለ ነገረችው።

«አውቃለሁ» አላት።

«ወንድሜ ነው፣ ጌታዬ።»

ሥራ አስኪያጁ የመብራቱን ሂሳብ ወደ እሷ ገፋው። «እኔ እዚህ የምቀንሰው ወይ መብራት ነው ወይ ሰው ነው። የማጠቢያ ሴቶቹን ልበትን? ስማቸውን አንቺ ትሰጪኛለሽ? እንግዲህ የእርጎ ዝንብ አትሁኚብኝ።»

የቅጽል ስሟን ሳያስብበት ነው ያነሳው። ራሱም ሰምቶት አፈረ። ግን ቃሉን አላነሳም።

ከቢሮው ወጥታ በማጠቢያው በር አለፈች። ጓደኞቿ በእንፋሎቱ ውስጥ ጎንበስ ብለው ይታያሉ። አንዷ ባሏ የተኛባት ናት፣ አንዷ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ። ወደ ጀርባ ግቢ ሄደችና ቫልቩን በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው። ዝጎ ስለነበር አስቸገራት። ሲከፈት ቱቦው አጓራ፤ ያን ቀን የሚነከረው አረንጓዴ ነበር።

ግንቡ ላይ ተንጠራርታ ወደ ታች አየች። ከድልድዩ ማዶ የወንድሟ የውሃ ሞተር ጭስ ይታያል፤ እየሳበ ነው። ስልኳን አወጣች።

«ወንድምዬ፣ ሞተሩን አጥፋ።»

«ምነው?»

«አጥፋው። እስክደውልልህ አታብራ።»

ሁለተኛ አልጠየቃትም። ጭሱ ቆመ።

ከዚያ በኋላ እርሻው በስልክ ሆነ። ልትከፍት ስትል ትደውላለች፣ እሱ ሞተሩን ያጠፋል። ማቅለሚያው እረፍት ላይ ሲሆን፣ ወንዙ ትንሽ ሲጠራ ድልድዩ ላይ ሄዳ አይታ «አሁን ሳብ» ትለዋለች፣ እሱ ካለበት ሮጦ ያበራል። ለጥቂት ጊዜ ሠራ። አንዳንዴም ይስቁበት ነበር፤ ወንድሟ «ሰላጣዬ ስልክ ይዞ ነው የሚያድገው» ይላል። ግን ፋብሪካው ትእዛዝ ባገኘ ቁጥር እረፍቱ ያጥራል። «አሁን ሳብ» የምትልበት ቀን እየራቀ ሄደ። በጋው ጠነከረ፤ ካሮቱ መሬት ውስጥ ጠወለገ።

አንድ ቀን ስትደውል ሞተሩ ከኋላው ሲጮህ ተሰማት። አጥፋው አለችው። አላጠፋም።

«እታለም፣ ከእንግዲህ አትደውዪልኝ» አላት። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ተክል ስልክ አይጠብቅም።»

ወደ ኢንጂነሩ የደወለችው በዚያ ሰሞን ነው። ስልኩን አነሳ፤ ወዲያው አወቃት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቃት። የፕላስቲክ ታንከር የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ገብቷል። የሆነውን ሁሉ ስትነግረው ሳያቋርጣት ሰማት። ከዚያ ማሽን የተከለባቸው ሌሎች ቦታዎችም ተመሳሳይ እንደሆኑ፣ አንዱ ጋ ገንዳውን አሣ ማርቢያ ሊያደርጉት እንደሞከሩ ነገራት። ትንሽ ሳቀ። እጇን እንድታሳክም መክሯት ተሰናበታት። ስለ እጇ የነገረችው ነገር አልነበረም፤ አሲድ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቅ ገምቶ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። ከዋዜማው ጀምሮ ደህናዎቹን ላሜራዎች ከመጋዘን አውጥታ፣ ፈትጋ፣ ገንዳው ውስጥ ደረደረቻቸው። ጋውኗንም አጠበች። ፍሳሹ በቀጭኑ ተለቀቀ፤ ውሃው እንደ ጥንቱ አረፋ ደፈቀ፣ ረጋ፣ ጠራ። ከተቆጣጣሪዎቹ መካከል አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ብርጭቆዋን ሞልታ አየችና ከሌሎቹ ዘወር ብላ ወደ እርጎ ቀረበች።

«እማማ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ሆኖ ነው የሚወጣው?»

ጥያቄው ከልብ ነበር። ወጣቷ ዓይን ዓይኗን እያየች ትጠብቃለች። ሥራ አስኪያጁ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ ማጠቢያው መስኮት ላይ ሦስት አራት ራሶች ይታያሉ።

«አዎ፣ ልጄ» አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ፣ አፏን ሞልታ ነው ያለችው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው።»

ወጣቷ አመስግናት ሄደች። ላሜራዎቹ ወደ መጋዘን ተመለሱ። ያን ሳምንት አንድም የማጠቢያ ሴት «እርጎ» ብላ አልጠራቻትም። አንዷ ቤቷ ድረስ ሳሙናና ስኳር ይዛላት መጣች፤ ሁለቱም ስለምን እንደሆነ ሳያነሱ ተቀምጠው አወሩና ሴትዮዋ ሄደች።

እሁድ ወንድሟ ቤት ሄደች። ልትነግረው ነበር የሄደችው። ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ጥቅል ጎመን እየከተፈች ነው። እርጎ ልታግዛት ቢላ ስታነሳ ጎመኑ የታሰረበትን ላስቲክ አየች፤ የሱቅ ላስቲክ ነው። በመስኮቱ በኩል የወንድሟ ጥቅል ጎመን መደቡን ሞልቶ ይታያል።

«ደጃፍሽ ላይ ጎመን እያለ ከሱቅ ትገዢያለሽ?» አለቻት።

ሚስትየዋ መክተፏን አላቆመችም። ከሳሎን ወንድሟ መለሰ። «የእኛ ለገበያ ነው፣ እታለም።»

ቢላውን አስቀመጠችው። እሱ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሰፈር ውስጥ የሚገዛው እንደሌለ፣ በመኪና ጭኖ ማንም ወደማያውቀው ሩቅ ገበያ እንደሚልከው ነገራት። ሲናገር እንደ ተራ ነገር ነው። ሚስቱ ግን ከቢላዋ በላይ ቀና ብላ አላየችም። እርጎ ልትቆጣው ፈልጋ ነበር። ያሳደገችው ልጅ ነው፤ የሰው እርሳስ ይዞ ሲመጣ ከመንገድ መልሳው ታውቃለች። ግን በምን አፏ ትናገራለች? ስለ ወጣቷ ሴት ነገረችው። የጠየቀቻትንና የመለሰችውን ቃል በቃል ነገረችው።

ወንድሟም «ሌላ ምን ትያለሽ?» አለ።

ያን ቀን የቀረበውን አብረው በሉ።

ሩቅ ገበያውም ቢሆን ብዙ አልዘለቀም። በቀጣዩ በጋ መሬቱ ላይ እንደ አመድ የነጣ ነገር ይወጣ ጀመር፤ ኢንጂነሩ ያኔ ጨው ይቀራል ያለው መሆን አለበት። ሰላጣው አልበቀለም። ቆስጣው በቅሎ በጣት ቁመት ላይ ቀረ። ወንድሟ ቆፈረ፣ ፍግ ጨመረ፣ ዘሩን ቀየረ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሞተሩን ፈቶ በጋሪ ጫነና ሸጠው። ከዚያ ቀጥታ እህቱ ጋ መጣ። ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ አስጠራት። በሕይወቱ ከበሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ነበር።

«አንድ ሥራ ብትጠይቂልኝ» አላት።

ጠየቀችለት። ሥራ አስኪያጁ አላስቸገረም፤ ቀለም ክፍል ውስጥ በእንፋሎቱ ብዛት ሰው አይበረክትም። ወንድሟ በማግስቱ ገባ። ሥራው ከሻንጣ የማያንስ የዱቄት ቀለም ከረጢት ተሸክሞ ወደ መንከሪያው መገልበጥ ነው። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ያስራል። ማታ ቤቱ ሲገባ ምራቁ ሳይቀር ቀለም አለው፤ ሚስቱ የትራስ ልብሱን ለብቻ ታጥባለች።

እርጎንም ወደ ማጠቢያው መለሷት። ገንዳው ላይ ሰው ማቆሙ ትርፍ ነው ተባለ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ትጠራለች። ላሜራ አልባው ገንዳ ውስጥ ባዶ በርሜሎች ተከምረዋል። ጉልበቷ እንደ ድሮው አይታዘዝላትም፤ ጓደኞቿ ከባዱን ጨርቅ ከፊቷ ላይ ያነሱላታል። አሁን እህትና ወንድም ጠዋት ጠዋት አብረው ድልድዩን ይሻገራሉ። ስለ ሚስቱ ሳል፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ያወራሉ። ወደ ውሃው አይዞሩም።

በቅርቡ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከጀርባ ግቢ፣ ከገንዳው ጥላ ሥር ተቀምጠው ዳቦ ይበሉ ነበር። ወንድሟ ቀና ብሎ ገንዳውን አየው። ስንት ጊዜ በስልክ ሲያወሩበት ቀርቦ አይቶት አያውቅም። እንዴት ነበር የሚሠራው ብሎ ጠየቃት። እሷም ነገረችው። ላሜራዎቹ የሚቆሙበትን ቦታ አሳየችው፣ አረፋው ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ፣ ውሃው መጀመሪያ እንዴት እንደሚደፈርስና ሰው ተበላሸ ብሎ ሲያስብ እንዴት እንደሚለይ። ስትናገር ዳቦዋን ረስታው እጇ ላይ ደረቀ።

ወንድሟ እስክትጨርስ ሰማት።

«ይሠራ ነበር ማለት ነው» አለ።

«ይሠራ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ደወሉ ሲደወል ተነስቶ እጁን ሰጣት፤ ስትነሳ ጉልበቷን ስለሚያማት ነው። እሱ ጨርቁን አፉ ላይ አስሮ ወደ ቀለም ክፍል ገባ፣ እሷም ወደ ማጠቢያው።